ራዳር ዲቴክተር ሱቅ ውስጥ ሊሸጥ ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኡበር፣ ታክሲና ትራክ የሚነዱ ብዙ ወገኖች አሉን። የስልክና የመኪና ዕቃ ሱቅ የከፈቱም አሉ። ሹፌሮቹ "ልግዛው ወይ?" ይላሉ፤ ባለሱቆቹ ደግሞ "ልሽጠው ወይ?" አቋሜን ከመነሻው ልንገራችሁ፦ ሱቆች ይህን ዕቃ መሸጥ የለባቸውም። ህጉ በማይከለክልበት ቦታም ቢሆን። ምክንያቴን ከጥያቄዎቹ ስር ታገኙታላችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ራዳር ዲቴክተር ምን የሚሠራ ዕቃ ነው?

በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ነው። በመምጠጫ ጎማ የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ገመዱ ወደ ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይወርዳል። የፖሊሱ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ትንሽ ይለወጣል፤ ከዚያ ለውጥ ፍጥነቱ ይሰላል። ለፖሊሱ ሞገዱ ሄዶ መመለስ አለበት። ዲቴክተሩ ግን የሚሄደውን ብቻ ሰምቶ ይጮኻል። ለዚህ ነው ከፖሊሱ ቀድሞ የሚያውቀው። ሹፌሩ ጩኸቱን ሲሰማ ፍሬን ይይዛል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ገበያው የደራው በ1970ዎቹ ነው። በ1973 የዓረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። በማግስቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ህግ የመላ አገሪቱን የሃይዌይ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ላይ ወሰነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሹፌሮች ተማረሩ፤ ዲቴክተር ሠሪዎችም ገበያ አገኙ።

አሜሪካ ውስጥ የተከለከለው የት ነው?

በግል መኪና ውስጥ ዲቴክተር መያዝን በመላ አገሪቱ የሚከለክል የፌዴራል ህግ የለም። በአብዛኞቹ ስቴቶችም ለግል መኪና ይፈቀዳል። ኮኔቲከት ከልክላ ነበር፤ በ1992 እገዳውን አንስታለች። ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን መስታወት ላይ መለጠፉን ነው የሚቆጣጠሩት።

ለግል መኪናም የከለከሉት ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ናቸው። ጎረቤታቸው ሜሪላንድ ግን ትፈቅዳለች። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው እዚሁ ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ነው ጣጣው።

የቨርጂኒያ ህግ ምን ይላል?

ቁጥሩ 46.2-1079 ነው። ብዙ ሰው የማያውቃቸው ነጥቦች ስላሉት ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንደኛ፣ ዕቃው መኪናው ውስጥ መገኘቱ ብቻ ለክስ ይበቃል። እየሠራ እንደነበር ማስረዳት ከከሳሽ አይጠበቅም። "ጠፍቶ ነበር እኮ" ማለት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ዕቃው ከምንም ኤሌክትሪክ ጋር አለመያያዙ፣ እና ሹፌሩም ሆነ ተሳፋሪው በቀላሉ ሊያነሳው የማይችልበት ቦታ መቀመጡ። ገመዱ ተነቅሎ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነ ያስኬዳል። ገመዱ ተነቅሎ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከሆነ ግን ሙግት ውስጥ ትገባላችሁ።

ሁለተኛ፣ ፖሊስ ዕቃውን ለማስረጃ ሊወስደው ይችላል፤ ህጉ ግን መውረስን አይፈቅድም። ጉዳዩ ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል። "ይነጥቁሃል" የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ሦስተኛው ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ መሸጥም ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተ ዘንድ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ካለ ዛሬውኑ አንሱት።

ሜሪላንድ ውስጥ መሸጥ ህጋዊ ከሆነ ሱቁ ምን አጠፋ?

ህግ አልጣሰም። እኔ የምለው ግን፣ ህግ ሳይጥስም ደንበኛውን ይጎዳዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሱቅን እንውሰድ። ከሱቁ በር ወጥቶ ጆርጂያ አቬኑን ወደ ደቡብ የያዘ ሹፌር በጥቂት ደቂቃ ዲሲ ነው። ኡበር የሚነዳ ከሆነ የኤርፖርት ጥሪ ይመጣለታል። ዳለስም ሬገንም ያሉት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ዲሲን በሚዞረው ሃይዌይ፣ በቤልትዌይ፣ ወደ ደቡብ ቢሄድ ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ይወጣል። ድልድዩ ከሜሪላንድ ተነስቶ፣ የዲሲን የደቡብ ጫፍ ነክቶ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ያወርዳል። መሪውን ሳያዞር፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ህጋዊ የነበረው ሰው ተከሳሽ ይሆናል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ገመድ መንቀል ደግሞ አይቻልም።

ሻጩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ነውና። ገዢው ግን ምናልባት ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። መንጃ ፈቃዱን ገና አሁን አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ላይ በግልጽ የተደረደረ ነገር ህጋዊ ነው ብሎ ማመኑ አይፈረድበትም። ያ እምነት ነው የተሸጠበት። ትርፉ ሱቁ ውስጥ ይቀራል፤ ቲኬቱ ድልድዩን ተሻግሮ ገዢውን ይጠብቀዋል። ይህ ለእኔ ንጹህ ንግድ አይደለም።

ቢያንስ ቢያንስ ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት "ይህ ዕቃ ዲሲና ቨርጂኒያ አይገባም" ብሎ በአፉ መናገር አለበት። በሐቀኝነት ከተናገረ ደግሞ በዚህ አካባቢ ማን ይገዛዋል?

ሻጭ ገዢው ለሚያደርገው ነገር ተጠያቂ ነው እንዴ?

ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ባለሱቆች ሁሉ የሚያነሱት። ቢላ የሸጠ ሰው ገዢው በቢላው ለሠራው ወንጀል አይጠየቅም። እውነት ነው። ቢላ ግን ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሥጋ ይቆርጣል። ራዳር ዲቴክተር ሌላ ምን ይሠራል? በህጋዊ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ፖሊሱ የት እንደቆመ ማወቅ አያስፈልገውም። ዕቃው የተሠራው ከወሰን በላይ ለሚሄድ ሰው ነው፤ የሚሸጠውም ለእሱ ነው።

በዚህ ጉዳይ ጀርመን ውስጥ የተሰጠ ፍርድ አለ። አንዲት ሴት ከ1,000 ዩሮ በላይ ከፍላ ዲቴክተር ገዛች። ዕቃው በትክክል አይሠራም ብላ ገንዘቧን ለማስመለስ ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2005 የወሰነው እንዲህ ነው፦ በጀርመን መንገድ ላይ ለመጠቀም ታስቦ የተደረገ የዲቴክተር ሽያጭ ከመልካም ጠባይ ጋር የሚቃረን ስለሆነ ውሉ ራሱ ፈራሽ ነው። ገንዘቧም አልተመለሰላትም፤ በእንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ እሷም እጇ አለበትና።

ከዚህ ፍርድ የምወደው ክፍል አለ፣ የሚያሳዝነኝም አለ። ፍርድ ቤቱ ሽያጩ ራሱ ነውር እንዳለበት በግልጽ ተናገረ። ይህን እወደዋለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ብሩ ማን ኪስ ቀረ? ሻጩ ኪስ። ለዚህ ነው ኃላፊነቱን ገዢው ላይ ብቻ መጣል አይበቃም የምለው።

ፖሊስ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው የሚቆመው። ራሴን ብከላከል ምን አለበት?

ምሬቱ ይገባኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ያገኘው ለአንድ የዲሲ ካሜራ ቲኬት የሄደበትን ሰው ስሜት አላቃልልም። ቁልቁለት ስር የተደበቀ ካሜራ፣ ፍጥነቱ በድንገት የሚቀንስበት መንገድ አለ። ይህ ትክክል አይደለም የሚል ሰው ለከተማው ምክር ቤት ሊጽፍ፣ ቲኬቱንም ሊከራከር ይችላል።

ግን የፍጥነት ወሰኑ ከምን እንደሚያድን እንይ። በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 88 ጫማ ይሄዳል። 75 ማይል ሲሆን 110 ጫማ። ስልክ አንዴ ቀና ብሎ ለማየት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ 22 ጫማ ልዩነት ነው። ግጭቱ ላይ የሚወጣው ኃይል ደግሞ በዚያው ልክ አይደለም የሚጨምረው። ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር ኃይሉ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመንገድ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ብቻ ከፍጥነት ጋር በተያያዘ አደጋ ከ12,000 በላይ ሰው ሞቷል።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ፈጣን ነጂዎች አልነበሩም። መሻገሪያ ላይ የነበሩ አሉ። ኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ ልጆች አሉ።

ዲቴክተር ያለው ሰው የበለጠ ይጠነቀቃል ይባላል። እውነት ነው?

አምራቾች የሚሉት ነው። እኔ አላምንበትም። ዕቃው ሲጮህ ሹፌሩ የሚጠነቀቀው ፖሊሱን ነው፤ መንገዱን አይደለም። ጩኸቱ ሲያበቃ እግሩ ተመልሶ ነዳጁ ላይ ነው።

ቤልትዌይ ላይ ይህን ማየት ትችላላችሁ። በግራው መስመር በ80 ሲበር የነበረ መኪና ያለምንም ምክንያት ቀይ መብራቱ ቦግ ይላል። ከፊቱ መንገዱ ክፍት ነው። ከኋላው ያለው ሰው ፍሬን ረግጦ ይተርፋል ወይም አይተርፍም።

ቢያንስ በትክክል ይሠራል ወይ?

ማስታወቂያው እንደሚለው አይደለም። መጀመሪያ የሐሰት ጩኸቱ አለ። ፖሊስ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ ኬ ባንድ የሚባለው 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። በዚሁ ሞገድ የሱፐርማርኬት አውቶማቲክ በሮች ይሠራሉ። በጎን የሚመጣ መኪና ሲኖር መስታወት ላይ መብራት የሚያበሩት የአዳዲስ መኪኖች ሴንሰሮችም ብዙዎቹ እዚያው ናቸው። ስለዚህ አጠገባችሁ አዲስ ጂፕ ባለፈ ቁጥር ሊጮህ ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሹፌሩ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ያኔ ዕቃው ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌዘር ነው፤ ፍጥነትን በሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን በብርሃን ጨረር የሚለካው መሣሪያ። ፖሊሱ ሌዘሩን ሲያነጣጥር ጨረሩ 1,000 ጫማ ርቀት ላይ እንኳ ስፋቱ 3 ጫማ ገደማ ነው። ሰሌዳችሁ ላይ ወይም የፊት መብራታችሁ ላይ ያርፋል። እንደ ራዳር ሞገድ በየአቅጣጫው አይበተንም። ዲቴክተሩ "ሌዘር!" ብሎ ሲጮህ ፍጥነታችሁ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ተነቧል። ጩኸቱ ቲኬት እንደመጣ ማሳወቂያ ነው።

ሦስተኛ፣ ብልህ ፖሊስ ራዳሩን ዘግቶ ይጠብቃል። እናንተ ስትደርሱ ለአንድ አፍታ ይከፍተዋል። ከፊታችሁ ሌላ መኪና ካልተለካ በቀር ምንም ማስጠንቀቂያ የለም።

ፖሊስ መኪናዬ ውስጥ እንዳለ በምን ያውቃል?

ዲቴክተሩ ራሱ ያጋልጣችኋል። ሞገዱን ለመቀበል ውስጡ የራሱን ትንሽ ሞገድ ያመነጫል፤ ከዚያ ጥቂቱ ወደ ውጭ ያመልጣል። ቪጂ-2 እና ስፔክተር የሚባሉ መሣሪያዎች ያንን ያመለጠ ሞገድ ይይዛሉ። አንዳንድ ሞዴሎች ይህን ለመደበቅ ይሞክራሉ፤ ዋጋቸውም የትየለሌ ነው። ማታ ደግሞ መሣሪያም አያስፈልግም፤ መስታወቱ ላይ የምትበራዋ ቀይ መብራት ትበቃለች።

የዲቴክተሩ ቅጣት ትንሽ ነው ይባላል። ታዲያ ምን ያስፈራል?

ለዕቃው ብቻ ከሆነ ቅጣቱ ከባድ አይደለም። የሚያስፈራው ዕቃው የሚሰጠው ድፍረት ነው። በቨርጂኒያ ከወሰኑ በ20 ማይል መብለጥ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሪክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ይባላል። ይህ ተራ ቲኬት አይደለም፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ወሰኑ 55 በሆነበት መንገድ 75 መሄድ ብቻ ይበቃል። መዝገቡም ይከተላችኋል፤ ለሥራም ሆነ ለኢሚግሬሽን ፎርም ስትሞሉ ጥያቄ ይሆናል። ኑሮውን በመንጃ ፈቃዱ ለሚገፋ ሰው፣ አንድ ሳጥን ታምኖ የሚገባበት ቁማር አይደለም።

ትራክ ነው የምነዳው። ለእኔስ?

ለእናንተ ሜሪላንድም ቴክሳስም አንድ ነው። ከ1994 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ በስቴቶች መካከል በሚሠሩ የንግድ ተሽከርካሪዎች ላይ ከልክሎታል። ከ10,001 ፓውንድ ጀምሮ ያሉ መኪኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መጠቀሙ ብቻ ሳይሆን ትራኩ ላይ መኖሩም ጥሰት ነው። ኩባንያውም እንዲፈቅድ አይፈቀድለትም። ለትራክ ሹፌር መሆኑን እያወቀ የሚሸጥ ሱቅ ግን፣ በየትኛውም ስቴት ቢሆን፣ ምን ሰበብ እንደሚያቀርብ አላውቅም።

ጃመርስ?

ራዳር የሚያደናቅፍ ጃመር መሸጥም መጠቀምም በመላ አሜሪካ በፌዴራል ህግ ክልክል ነው። ሌዘር የሚያደናቅፈውን ደግሞ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያን ጨምሮ የተለያዩ ስቴቶች ከልክለውታል። እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም።

ዌዝ የሚባለው የስልክ መተግበሪያም እኮ ፖሊስ የት እንዳለ ይናገራል። ያስ አይከለከልም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዌዝ የፖሊስን ራዳር አይሰማም፤ ሰዎች ያዩትን ለሌሎች ይነግራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ክልክል ስለሆነ መያዣ ላይ ይሁን እንጂ፣ መጠቀሙ አያስከስስም። ዌዝን ከዲቴክተር የምለይበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዌዝ የተበላሸ መኪናንም፣ አደጋንም፣ የተዘጋ መንገድንም ይናገራል፤ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን አሳይቶ ሲያልፉም ያስጠነቅቃል። በነፃ።

አውሮፓ ያሉ ዘመዶቼስ?

ጠንቀቅ ይበሉ። ጀርመን ውስጥ እየነዱ መጠቀም 75 ዩሮና በመንጃ መዝገብ ላይ አንድ የጥፋት ነጥብ ያስቀጣል። ፈረንሳይ በጣም ከባድ ናት። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከመነሻው ሻጩን ይዛለች፦ ማስገባት፣ ማስተዋወቅ፣ መሸጥ፣ መግጠም ሁሉ ክልክል ነው። እኔ ትክክል የምለው አካሄድ ይህ ነው። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለውን ሹፌር ብቻ አይደለም የሚይዘው።

ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?

"አልሸጥም" በሉት፤ ለምን እንደሆነም ንገሩት። "ዲሲ ከገባህ፣ ቨርጂኒያ ከተሻገርህ ይከሱሃል" ማለት ሁለት ዓረፍተ ነገር አይፈጅም። ከዚያ የሚጠቅመውን አሳዩት። ዳሽካም፣ ማለትም መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ፣ አደጋ ሲደርስ ማስረጃ ይሆነዋል። ጥሩ የስልክ መያዣ ከእጅ ስልክ ቲኬት ያድነዋል። የራሱ መኪና ላይ ያለውን፣ ፍጥነትን ባለበት የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል እንዴት እንደሚጠቀም የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! እሱን ብታሳዩት ምንም ሳትሸጡለት ትልቅ ነገር ሰጣችሁት። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ጋ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ጓደኛውንም ይዞ።

ገዝቼዋለሁ። አሁን ምን ላድርገው?

መመለሻው ቀን ካላለፈ ደረሰኙን ይዛችሁ ለሱቁ መልሱት፤ ስለ ዲሲና ቨርጂኒያ እንዳልነገራችሁም ንገሩት። ካለፈ፣ መስታወቱ ላይ አንሱት፤ መምጠጫውንና ገመዱንም ጭምር። ክብ የጎማ አሻራው እንዳይቀር መስታወቱን ጥረጉት። እስክታስወግዱት ድረስ ቤት ይቀመጥ። ይዛችሁት መንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ገመዱ ተነቅሎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ የዕቃ መጫኛ ውስጥ። ፌስቡክ ላይ አውጥታችሁ አሌክሳንድሪያ ላለ ሰው አትሽጡት፤ ያን ጊዜ ሻጩ እናንተ ናችሁ።